የጋሼ ሮዝ ጀርባ

ባለቤቴ ዶክተር አይደለም። ይህን እኔ ሳልነግራችሁ እሱ ራሱ ይነግራችኋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ነጭ ጋዋን ለብሶ ሲሠራ፣ የሰፈሩ ሰው «ዶክተር፣ እንደምን አደሩ?» ባለው ቁጥር ሰላምታውን ከመመለሱ በፊት «ዶክተር አይደለሁም፤ ጥርስ ሠሪ ነኝ» ይላል። ዝም ብሎ ቢያልፈው ምን ነበረበት? እኔ ገበያ ስወጣ «የዶክተሩ ባለቤት» ሲሉኝ አንድም ቀን አርሜ አላውቅም። ቲማቲሙንም መርጠው ነበር የሚሰጡኝ።

ሥራው ጥርስ ለሌላቸው ሰዎች ጥርስ መሥራት ነበር። ሐኪሙ ይነቅላል፣ እሱ ይተካል። ከቤታችን ሥር ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ የሰም ማቅለጫ፣ የጀሶ ከረጢትና ሦስት መደርደሪያ ሙሉ የሰው መንጋጋ ነበረው። መንጋጋ ስል አትደንግጡ፤ ከደንበኞቹ አፍ ልክ ወስዶ በጀሶ የቀዳው ነው። ያ ጀሶ በጫማው እየተከተለው ደረጃውን ይወጣል። ምንጣፌ ላይ፣ ትራሴ ላይ፣ አንዳንዴም ሻዬ ውስጥ አገኘው ነበር። ስንት ዓመት ጮህኩ፤ እሱ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

እጁን ግን ላማው አልችልም። አንዲት አሮጊት አዲሱን ጥርሳቸውን አድርገው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ መስታወት ቶሎ አይሰጣቸውም። መጀመሪያ ብስኩት ነው የሚሰጣቸው። «ቁንጅናው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይብሉ» ይላል። ብስኩቱ አልቆ መስታወቱ ሲመጣ ስንቱ ሽማግሌ፣ ስንቷ አሮጊት እንባቸው ዱብ ዱብ ሲል አይቻለሁ። እሱ ያኔ ፊቱን አዙሮ ጠረጴዛውን ይጠርጋል። ለወትሮው ጠርጎት አያውቅም።

ጋሼ ወደ ቤታችን የገባው ልጃችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ነው። ባለቤቴ ከመንገድ ዳር አንሥቶ በጋዋኑ ኪስ ይዞት መጣ። መዳፍ የሚያህል ኤሊ ነበር። አንገቱ የተሸበሸበ፣ ራሱ መላጣ፣ አፉ ጥርስ የለሽ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆም ይልና ያስባል። «ሽማግሌ ነው፤ ጋሼ እንበለው» አልኩ እኔ፤ ጋሼ ተባለ። ባለቤቴ አፉን በጣቱ ከፈት አድርጎ አየና «ጥርስ የለውም፣ ጥርስም አይፈልግም፤ ምን ዓይነት ደንበኛ ነው?» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ልናገርና እኔ መጀመሪያ አልወደድኩትም። ግቢው ውስጥ የተከልኩትን ሰላጣ እስከ ሥሩ ይግጠው ነበር። ስሮጥ ደርሼ አነሣዋለሁ፤ ወደ ግቢው ጥግ እወስደዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ግማሽ ቀን ተጉዞ ይመለሳል። በኋላ ልብስ ሳሰጣ እግሬ ሥር መጥቶ መቆም ጀመረ። እንዲህ ካደረገ በኋላ ምን ይደረጋል? ሰላጣውን ለሁለታችን መትከል ጀመርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ጎረቤታችን መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስገባ ጋሼን ረገጠው። ድምፁን የሰማሁት እኔ ነኝ። ሮጬ ወጣሁ። ቅርፊቱ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ ነበር። ጎረቤታችን ራሱን ይዞ «ኤሊ ነው እኮ እትዬ፤ ሌላ አመጣላችኋለሁ» አለኝ። የመለስኩለትን አልጽፈውም። በከተማው የነበረው አንድ የእንስሳት ሐኪም የከብት ነው፤ በስልክ ስንጠይቀው «ተዉት፣ ይሙት» አለን።

ባለቤቴ ጋሼን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ወርክሾፑ አወረደውና በሩን ዘጋ። በጨው ውሃ አጠበው። የተሰነጠቀውን ቁራጭ በቁራጭ ገጠመው። ከዚያ ለሰው ሠራሽ ድድ በሚጠቀምበት ሮዝ ፕላስቲክ መሐል ጀርባውን ከዳር እስከ ዳር ለበጠው። ሮዝ የሆነው ሌላ ስላልነበረው ነው፤ ጥርስ ሠሪ ቤት ያለው ቀለም ሁለት ብቻ ነው፣ የጥርስና የድድ። ሦስት ቀን ከታች አልወጣም። ደንበኞቹን እኔ በር ላይ እየመለስኩ፣ ለጋሼ ሰላጣ ለእሱ ምሳ አወርድ ነበር። በአራተኛው ቀን ጋሼ አንገቱን አውጥቶ የሰላጣውን ጫፍ ነከሰ። ባለቤቴ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ «በላ! በላ!» ብሎ የጮኸውን ጩኸት ልጃችን ሲወለድም አልሰማሁትም።

ከዚያ ወዲህ እቤታችን የመጣ እንግዳ ጋሼን ሳያይ አይወጣም። ሰው ገና ተቀምጦ ሻይ ሳይቀርብለት ባለቤቴ ይነሣና ያንን ሮዝ ጀርባ ተሸክሞ ይመጣል። «ንካው» ይላል። «መጋጠሚያው በጣትህ ይሰማሃል? አይሰማህም!» የስንት ሰው አፍ የሠራ ሰው፣ በሥራው ሲመካ ያየሁት በጋሼ ብቻ ነው። ደንበኞቹማ ጥርሳቸውን ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ ጋሼ ግን ሥራውን በጀርባው ተሸክሞ ግቢ ውስጥ ሲዞር ይውላል።

ጋሼም ወፈረ። «ሰላጣሽ ነው ያወፈረው» ይለኛል። የፊቱና የኋላው እየሰፋ ሄደ፤ መሐሉ ግን፣ ሮዙ ያለበት፣ ቀበቶውን አለልክ ያጠበቀ ሰው መሰለ። አንድ ቀን «ይሄ ነገር እየጎበጠ አይደለም እንዴ?» አልኩት። «የተሰበረ ነገር እንደዚህ ነው፤ አንቺ ደግሞ!» ብሎ ተቆጣኝ። የማይቆጣ ሰው ስለተቆጣኝ ደግሜ አላነሣሁበትም። ባነሣው ኖሮ እላለሁ አሁን።

ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤቴ ሥራ አቆመ፤ የእኔም ጉልበት አልታዘዝ አለ፤ ጠቅልለን ልጃችን ዘንድ ገባን። የልጃችን ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ሁለት ወንበር አይችልም፤ እንኳን ኤሊ። ልጃችን ጋሼን በመኪናው ጭኖ ሩቅ ወዳለ የተሳቢ እንስሳት ማቆያ ወስዶ ሰጠልን። ሲመለስ አባቱ በር ላይ ያዘው።

«ስለ ጀርባው ነገርካቸው?»

«ነግሬያቸዋለሁ አባባ።»

አልነገራቸውም። ለእኔ ኋላ በጆሮዬ ሹክ ብሎኛል። ሲደርስ ሊዘጉ ነበር፤ ለበሩ ዘበኛ አስረክቦ ተመለሰ። እኔም ዝም አልኩ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ዜና እያየን፣ ወይም ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ድንገት «ያ ልጥፍ ምን ሆኖ ይሆን?» ይላል። «ይዞ ይሆን? ጠርዙ ተነሥቶ ይሆን?» መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዛሬ ነገ ስንል ቀረን። ዘንድሮ ልጃችንና ሚስቱ የአራት ቀን የዱር እንስሳት ጉብኝት ስጦታ ሲያመጡልን መርሐ ግብሩን ከላይ እስከ ታች አነበበና ጣቱን የመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈ። «አራተኛ ቀን፤ የተሳቢ እንስሳት ማቆያ» ይላል። ሌላውን እንዳላየ ሆኖ አለፈው።

አሥራ ሁለት ሆነን በአንድ ሚኒባስ ሄድን። አስጎብኚያችን ማይክራፎን የማይለቅ፣ በራሱ ቀልድ ቀድሞ የሚስቅ ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን አንበሳ አየን። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ስልኩን ደቀነ። አንበሳው አዛጋ። ባለቤቴ «የላይኛው ግራ ክራንቻው ተሰብሯል» አለ። በሁለተኛው ቀን ጉማሬው አፉን ሲከፍት «ኤዲያ» ብሎ ፊቱን አዞረ። በሦስተኛው ቀን ቀጭኔዎቹ መንገድ ዘግተው ሁላችን ስንቁለጨለጭ አስጎብኚውን ትከሻው ላይ መታ አድርጎ «ማቆያው ነገ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው?» አለው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አዲስ ሸሚዝ ለበሰ። ከሆቴሉ ማድ ቤት ለምኖ ያገኛትን ሰላጣ በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። በረጠበ ሶፍት፤ ሸሚዙ እስከ ወገቡ ራሰ። ብስቅበትም አንጀቴን በላኝ። ይህ ሰው የመጣው ጋሼ በሕይወት መኖሩን ለማየትና ያ ልጥፍ መያዙን በእጁ ለመዳሰስ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከሠራው ሁሉ ውጤቱን ሄዶ የሚያየው አንድ እሱን ብቻ ነው።

«ዛሬ የመጨረሻ ቀናችን ነው» አለ አስጎብኚው በማይክራፎኑ። «ተሳቢዎቹን አይተን ልክ ስምንት ሰዓት ላይ እንንቀሳቀሳለን። የቀረ ሰው ከአዞ ጋር ምሳ ይበላል፤ ወይም ለአዞ ምሳ ይሆናል!» ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

በማቆያው በር ላይ የተቀበለችን ጠባቂ ቦት ጫማ ያጠለቀች፣ ወገቧ ላይ ቁልፍ የደረደረች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ግድም የሚሆናት ሴት ናት። ወድጃት ነበር። የዘንዶውን በር ስትከፍት መጀመሪያ በዘንግ ራሱን ነካ ታደርገዋለች፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ምግብ አለመሆኔን እንዲያውቅ ነው እናቴ» አለችኝ። እስስቷን ጣቷ ላይ አድርጋ አሳየችን። አዞዎቹ ጋ የሽቦውን አጥር እንዳንደገፍ ተቆጣችን። ባለቤቴ ግን እያንዳንዱን አጥር አልፎ የሚቀጥለውን ያያል። አርጃኖውን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

በመጨረሻ ጣራው ዝቅ ወዳለ ክፍል አስገባችን። በግድግዳው በኩል የመስታወት ሣጥን አለ፤ ከላዩ «ሰው ያደረሰው ጉዳት» ተብሎ ተጽፏል። ከአዞ ጉሮሮ የወጣ መንጠቆ፣ ከዘንዶ ሆድ የወጣ ላስቲክ፣ የተሸበሸበ ፊኛ ተደርድሯል። ከእነሱ አጠገብ የእጅ ወርድ ያለው ጎባጣ ሮዝ ነገር ተቀምጧል።

ባለቤቴ ቀድሞኝ አየው። ክንዴን ሲይዘኝ አወቅኩ።

ከሣጥኑ ሥር በአሸዋ በተሞላ ሰፊ አጥር ውስጥ ጋሼ ነበር። ሮዙ የለም። በሮዙ ቦታ መሐሉን ዞሮ ያሰረ ጥልቅ ሸለቆ ቀርቷል፤ ከፊትና ከኋላ ሰፍቶ መሐሉ ላይ ጠቧል።

«ይህችን ኤሊ በደንብ እዩአት» አለች ጠባቂዋ። «ከስድስት ዓመት በፊት ዘበኛችን በር ላይ ተቀበላት። ማን እንዳመጣት አልጻፈም። ጀርባዋ ላይ ያንን ፕላስቲክ ሰው ለጥፎባት ነበር። ቅርፊት ሕይወት አለው፤ ያድጋል። ፕላስቲክ አያድግም። ስለዚህ እሷ በዙሪያው እያደገች፣ መሐሏ እየታሰረ፣ ሳንባዋ እየተጨቆነ ኖረች። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትታነቅ ነበር ማለት ነው። ቀስ በቀስ ከዳሩ እያላቀቅን አንሥተን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብን። አምና እንቁላል ስትጥል በስንት መከራ ነው ያተረፍናት። ይህን ያደረገው ሰው ወይ ደንቆሮ ነው፣ ወይ ጨካኝ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ከጎኔ የቆመችው፣ አራት ቀን ሙሉ በመንገድ ብስኩት ስታካፍለን የነበረችው አስተማሪ «የእጁን ይስጠው!» አለች።

እኔ በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር መጣብኝ። አንደኛው ጋሼ ሴት መሆኗ ነው፤ ስንት ዓመት ጋሼ ስንላት ዝም ብላ ሰላጣዋን ስትበላ! ሌላው ቁጣ ነው። አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ክንዴን ጠበቅ አደረገው፤ ዘጋሁት።

አስጎብኚው እጁን አጨብጭቦ «በዚህ አበቃን፤ ወደ ሚኒባሱ!» አለ። ሰው መውጣት ጀመረ። እኔም የባለቤቴን እጅጌ ጎተትኩ። አልዋሻችሁም፣ ልንሄድ ፈልጌ ነበር። «ና በቃ» አልኩት ቀስ ብዬ። «ማንም አያውቅም። አይተሃታል፤ ደህና ናት፤ ና እንሂድ።»

አልመጣም። እዚያው ቆሞ፣ አስተማሪ ፊት እንዳለ ተማሪ እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«ጥያቄ አለዎት አባባ?» አለች ጠባቂዋ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ፕላስቲኩን ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

አስጎብኚው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ፊታችንን ሲያይ ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ሊወጡ የነበሩት በሩ ላይ ቆሙ። አስተማሪዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጠባቂዋ ቁልፎቿን በእጇ ስታገላብጥ ቆየችና «እኔ እኮ አባባ... ሰው እንዲጠነቀቅ ብዬ ነው እንደዚያ የምለው» አለች።

«ልክ ነሽ ልጄ። አትተዪው፤ በዪ።»

ከዚህ በላይ መቻል አልቻልኩም። «ምኑ ነው ልክ?» አልኩ። «መኪና ረግጧት ለሁለት ተከፍላ ነበር! ሐኪም ትሙት ብሎ ነበር! ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ቁራጭ በቁራጭ የገጠማት እሱ ነው! ጨካኝ? ጨካኝማ ሂጂና እዚያ ጎረቤታችን ዘንድ ፈልጊው!»

«ተይ አንቺ» አለ ባለቤቴ።

ጠባቂዋ አልተቆጣችኝም። «ስንጥቁ እስከ የት ነበር?» አለችው። በጣቱ አየር ላይ ሣለላት። «ውስጧ ይታይ ነበር?» አለችው። «ስትተነፍስ ከፍ ዝቅ ሲል አይቻለሁ» አላት። ጠባቂዋ ወደ እኛ ቀረብ አለች።

«እንግዲያው ያኔ ባይለጥፏት ኖሮ ትሞት ነበር። መለጠፉ አይደለም ጥፋቱ፤ እዚያው መቅረቱ ነው። በየዓመቱ ተነሥቶ በእድገቷ ልክ መለወጥ ነበረበት።»

ባለቤቴ ወደ አጥሩ ጠጋ አለ። ዓይኑ ጋሼ ላይ ነው።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አላት።

«ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ገና ወጣት ናት፤ እነዚህ እኮ ከመቶ በላይ ይኖራሉ።»

«መኪናው የረገጣት የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ነው።»

«እንግዲህ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረቻ።»

ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ባለቤቴ ሄዶ ተቀመጠ። ሲናገር ለእሷ ይሁን ለእኔ አላውቅም።

«እኛ ለልጅ ቋሚ አንሠራም» አለ። «መንጋጋው ያድጋላ። ለልጅ የተሠራ በየስድስት ወሩ እየታየ ይለወጣል፤ ካልተለወጠ አጥንቱን ያጣምመዋል። ይህን ገና ተማሪ ሳለሁ ነው የተማርኩት። ስንት እናት መልሻለሁ፣ ልጅሽ እድገቱን ሲጨርስ አምጪው እያልኩ። ማንም ሰው ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ዕድሜውን ነው። እሷን ግን አልጠየቅኩም። አንገቷን አየሁ፣ መላጣዋን አየሁ፣ በቃ። እድገቷን የጨረሰች መሰለችኝ። ለሕፃን የሽማግሌ ጥርስ ሠራሁላት።»

በሩ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሰማው። ከንፈሩን የመጠጠ የለም። እኔም አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ጠባቂዋ የአጥሩን በር ከፈተችለት። ባለቤቴ ያችን የጠወለገች ሰላጣ ከኪሱ አውጥቶ አሸዋው ላይ ተንበረከከ። ጋሼ እየተንገዳገደች መጣች። አወቀችው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ያወቀችው ሰላጣውን ነው። እየበላች ሳለ በአውራ ጣቱ የወገቧን ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ሁለቴ ዳሰሰው። እስክትውጥ ጠበቃት፤ ጨርሳ እግሯን ስታነሣ እሱም ተነሣ፤ እኔና ጠባቂዋ በሁለት ብብቱ ገብተን ነው ያነሣነው።

«ልጥፉን ይፈልጉታል አባባ?» አለችው። «የእርስዎ ነው፤ ልስጥዎት።»

ሣጥኑን ከፍታ ሰጠችው። መነጽሩን አደረገና ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። አገላበጠው። ጠርዙን በጥፍሩ ሞከረው። ያ ሁሉ ዓመት ሲጠይቅ የኖረውን መልስ እጁ ውስጥ ይዞታል።

«ይዟል» አለ። «በራሱ የትም ቦታ አልተነሣም። ቢለቅ ይሻላት ነበር።»

መልሶ ሰጣት። «እዚሁ ይሁን። ብዕር አለሽ?» አላት።

ከሮዙ ሥር የተቀመጠችው ካርድ ላይ «በኤሊ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ» ይላል እንጂ ሌላ የለበትም። ባለቤቴ ካርዷን ሣጥኑ ላይ ዘርግቶ፣ የደንበኞቹን ልክ ሲመዘግብበት በነበረው በዚያ በደቃቅ ጽሕፈቱ ጻፈ። «የሠራው ጥርስ ሠሪ ነው። ሕፃን መሆኗን አልጠየቀም።»

ውጭ ሚኒባሱ ጡሩንባውን ነፋ። አስጎብኚው «እናቴ፣ ስምንት ሰዓት አልፏል» አለኝ፤ ማይክራፎኑን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። «አንድ ጊዜ» አልኩት። ብዕሩን ከባለቤቴ እጅ ወሰድኩ። ዓይኔ ያለ መነጽር አያይም፤ ቢሆንም ከእሱ ጽሕፈት ሥር በትልልቁ ጻፍኩ። «ጋሼ ብላ የሰየመቻት ሚስቱ ናት።»

ባለቤቴ አነበበው። ሊከራከረኝ አፉን ከፈተ፤ አየኝና ተወው። ጠባቂዋ ካርዷን ከሮዙ ልጥፍ ሥር መልሳ አስቀምጣ መስታወቱን ቆለፈችው።